መንሹና ነፋሱ፦ ስለ ሁለት የእንግሊዝ ምርጫዎችና ስለ እኛ

ከለገሃር ተነሥቶ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን መንገድ አዲስ አበባን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙ ቸርችል ጎዳና ነው። ባለ ስሙ ሰውዬ፣ ዊንስተን ቸርችል፣ አገሩን ከሂትለር ጦር አድኖ የድሉ ደስታ ገና ሳይበርድ በገዛ ሕዝቡ ድምፅ ከሥልጣን የወረደ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆኑን ግን ዳገቱን ስንወጣ የምናስታውስ ብዙ አይደለንም። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ቦልድዊን፣ የእኛው አገር ጉዳይ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ሳለ ወደ ምርጫ ገብቶ በሰፊ ብልጫ አሸነፈ። ካሸነፈ ወር እንኳ ሳይሞላው መንግሥቱ ያቺኑ አገር ቆርሶ ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ውል ተቀበለ።

ይህን ጽሑፍ የወለደው የመኝታ ክፍል ክርክር ነው። አንደኛው ወገናችን «ወንበር ላይ የተቀመጠን ማን ያወርደዋል? ቀኑን የሚቆርጠው እሱ፣ ካዝናው የሱ፣ መድረኩ የሱ!» አለ። ሁለተኛው ወገን «ወንበር ብቻውን ምን ይሠራል? አገር ከተከፋ ተከፋ ነው፤ ስሜቱ ሲዞር ወንበሩም አብሮ ይገለበጣል» ብሎ ድርቅ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገትን፤ አልተሸናነፍንም። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን እነዚህን ሁለት ምርጫዎች ስንመረምር፣ ሁላችንም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘን ስንጯጯህ እንዳመሸን ታየን።

ከመካከላችን የገበሬ ልጆች የሆንነው አውድማው ትዝ አለን። ምርቱን የሚያዘራ ገበሬ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋስ ሲነሣ ያነሣል፤ ነፋስ ሲያርፍ ያርፋል። መንሽ የሌለው ሰው ነፋስ ቢመጣለትም አያዘራም። መንሽ የያዘውም ቢሆን ነፋሱን በጆንያ ቋጥሮ ለከርሞ አያስቀምጥም። በሥልጣን ላይ ያለ መንግሥት መንሹን የያዘው ነው፤ የአገሩ ስሜት ደግሞ ነፋሱ ነው። የእንግሊዝን ሁለት ምርጫዎች በዚህ ዐይን እንያቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የራሳችንን ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንላለን።)

፩. መንሹ

በእንግሊዝ አገር ደንብ የአንድ ፓርላማ ዕድሜ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። በዚያ ውስጥ ምርጫው መቼ ይሁን የሚለውን የሚወስነው፣ ከንጉሡ ዘንድ ቀርቦ ፈቃድ የሚጠይቀው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ይህ ሥልጣን በ2011 በወጣ ሕግ ተገድቦ ነበር፤ በ2022 ሕጉ ተሽሮ ነገሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ቀላል ነገር እንዳይመስለን። ፈተናውን በየትኛው ሳምንት እንደሚቀመጥ ራሱ የሚወስን ተማሪ ማለት ነው! ከመካከላችን ይህን ዕድል አግኝቶ የሚወድቅ ስንት ሰው አለ?

ቦልድዊን ግን ነፋስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ቀምሷል። ኦክቶበር 25 ቀን 1933 በለንደን ኢስት ፉላም በተባለው ቀበሌ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። በ1931 የመንግሥቱ ወገን በዚያ ቀበሌ በ14,521 ድምፅ ብልጫ አሸንፎ ነበር። በማሟያው የሌበር ፓርቲው ጆን ዊልሞት በ4,840 ብልጫ ወሰደው። የቤት ኪራይና የሥራ ማጣት ነገር እንደነበረበት ብዙ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ቦልድዊን ግን ሕዝቡ ጦርነትን ጠልቶ ነው ብሎ ተረጎመው። ያቺ ቀን ከልቡ አልወጣችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላም፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1936፣ በፓርላማ ቆሞ አነሣት። በዚያን ጊዜ አገሩን «ጀርመን እየታጠቀች ነውና እንታጠቅ» ብዬ ድምፅ ብጠይቅ ኖሮ ሽንፈቴ የተረጋገጠ ነበር የሚል ቃል ተናገረ። ቸርችል በኋላ በጻፈው የጦርነት ታሪክ ይህን ንግግር አገርን ከፓርቲ በታች እንደ ማስቀመጥ ቆጥሮበታል። በእርግጥ ቦልድዊን ያወራው በ1933 እና በ1934 ሊደረግ ይችል ስለነበረ ምርጫ እንጂ ስለ 1935ቱ አልነበረም፤ ፍርዱ ትንሽ ይከብዳል። ቢሆንም ሰውዬው ነፋስ ሳያይ መንሽ የማያነሣ ሰው እንደነበረ ከራሱ አፍ ሰምተናል።

፪. ነፋሱ

1935 ለእንግሊዝ መንግሥት የተመቸ ዓመት ነበር። በሜይ ወር ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ተከበረ፤ ጎዳናው ሁሉ በባንዲራ አሸበረቀ፤ ድኻውም ሀብታሙም አብሮ ዘመረ። የሥራ አጡ ቁጥር ከአስከፊዎቹ ዓመታት ወርዶ ነበር፤ በየከተማው ዳር አዳዲስ ቤቶች ይሠሩ ነበር። ጁን 7 ቀን ቦልድዊን የደከመውን ራምሴ ማክዶናልድን ተክቶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በዚያው ወር መጨረሻ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ይፋ ሆነ። በሎርድ ሮበርት ሴስል የሚመራው፣ የመንግሥታቱን ማኅበር የሚደግፍ ድርጅት ግማሽ ሚልዮን ያህል በጎ ፈቃደኞች አሰማርቶ በየቤቱ መጠይቅ አስሞልቶ ነበር። «የሰላም ድምፅ» ተባለ። 11 ሚልዮን ተኩል የሚሆን ሰው መለሰ። ከ11 ሚልዮን በላይ የሆነው እንግሊዝ በመንግሥታቱ ማኅበር ትቆይ አለ። አንድ አገር ሌላውን ቢወር በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይገታ ያለው ከ10 ሚልዮን በላይ ነበር። አስፈላጊ ከሆነ በጦር ኃይል ጭምር ይገታ ወይ ሲባል 6.7 ሚልዮን ያህሉ «አዎን» አለ፤ ከ2 ሚልዮን በላይ የሆነው «አይሆንም» አለ።

እንግዲህ የነፋሱ ጠባይ ይህ ነው። በአንድ ልብ ውስጥ ሁለት ስሜት፦ ጦርነት አንፈልግም፤ ግፈኛም ዝም አይባል። ግፈኛው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቅ ነበር። ከ1934 የወልወል ግጭት ወዲህ ሙሶሊኒ ጦሩን በስዊዝ ቦይ እያሳለፈ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማልያ ያግዝ ነበር። መጠይቁ ላይ ስማችን አልተጻፈም፤ ግን ሰዉ ሲመልስ በዐይነ ኅሊናው ያያት የነበረች አገር ኢትዮጵያ ነበረች።

የቦልድዊን መንግሥት መጠይቁን መጀመሪያ ላይ ንቆት ነበር። ቁጥሩን ካየ በኋላ ግን ቋንቋውን አጠናው። ሴፕቴምበር 11 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ጄኔቭ ላይ ተነሥቶ፣ እንግሊዝ ከማኅበሩ ጋር ሆና ያለ ምክንያት የሚፈጸምን ወረራ ሁሉ በጽናት እንደምትቃወም ተናገረ። አዳራሹ ተናወጠ። የአገሩ ጋዜጦች አጨበጨቡ። አዲስ አበባም የሰሙት «እንግዲህ ሰው አገኘን» አሉ። ያልሰሙት ነገር ቢኖር፣ በዚያው ሰሞን ሆር ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ ከኢጣልያ ጋር ጦርነት እንዳይነሣ፣ የስዊዝ ቦይም እንዳይዘጋ መስማማቱን ነው። በሐምሌ ወር ደግሞ ያው መንግሥት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ኢጣልያ መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሷ ትሠራለች። እኛስ?

፫. የተቆረጠው ቀን

አሁን ቀኖቹን በተራ እናንብባቸው፤ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ኦክቶበር 3፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ኦክቶበር 6 አድዋ ተያዘች። ኦክቶበር 7 የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያን ወራሪ ናት ብሎ ፈረደ። ኦክቶበር 25 የእንግሊዝ ፓርላማ ተበተነ። ኖቬምበር 8 መቀሌ ተያዘች። ኖቬምበር 14 የእንግሊዝ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ። ማዕቀቡ መሥራት የጀመረው ኖቬምበር 18 ነው፤ ማለትም ምርጫው ካለፈ በአራተኛው ቀን። ነዳጅ ዘይት፣ የድንጋይ ከሰልና ብረት ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

መንሹን የያዘው እጅ እዚህ ላይ ይታያል። ቦልድዊን ምርጫውን ያደረገው ተስፋው ሞልቶ ፈተናው ገና ባልመጣበት ሳምንት ውስጥ ነው። ማዕቀቡ ይሠራል አይሠራም የሚለው አልታወቀም፤ ስለዚህ ማንም «ዋሽተሃል» ሊለው አይችልም። የፓርቲው መግለጫ የመንግሥታቱ ማኅበር የፖሊሲያችን መሠረት ነው ይል ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን ደግሞ ለሰላም ማኅበርተኞች ቀርቦ ታላቅ የጦር መሣሪያ ግንባታ እንደማይኖር ቃል ሰጠ። ለሁለቱም ስሜት ሁለት ቃል፤ ለእያንዳንዱ ልብ የየራሱ ማር።

ተቃዋሚውስ? ሌበር ፓርቲ በዚያው ኦክቶበር ብራይተን ላይ ተሰብስቦ እርስ በርሱ ተናከሰ። መሪው ጆርጅ ላንስበሪ ጦርነትን በሃይማኖቱ የሚጠላ ሽማግሌ ነበርና ማዕቀብን አልቀበልም አለ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ሰው ኧርነስት ቤቪን በጉባኤው ፊት ክፉኛ ተናገረው፤ ጉባኤው ማዕቀቡን በከፍተኛ ድምፅ ደገፈ፤ ላንስበሪ ወረደ። ምርጫው ሲደርስ መሪው ሆኖ የቆመው ብዙ ሰው የማያውቀው ክሌመንት አትሊ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ቃሉ መወሰዱ ነው። ለማኅበሩ መቆም የሌበሮች ዜማ ነበር፤ መንግሥቱ ዜማውን ቀምቶ ከፍ ባለ ድምፅ ሲዘፍነው ምን ይበሉ? «እኛም እንዲሁ እናስባለን» ብሎ ድምፅ መለመን ይከብዳል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ ከ615 ወንበሮች ውስጥ የመንግሥቱ ወገን 429፣ ሌበር 154። ሌበር በ1931 ከነበረው 52 ተነሥቶ ማደጉ እውነት ነው፤ መንግሥቱም ብዙ ወንበር አጥቷል። ግን ፓርላማው በእጁ ገባ።

እውነቱን ለመናገር የእንግሊዝ ሠራተኛ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው ስለ መቀሌ እያሰበ ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩ፣ ሥራው፣ የልጁ ጫማ አብሮት ሄዷል። ስለዚህ «ኢትዮጵያ ለቦልድዊን ምርጫ አስገኘችለት» ማለት ማጋነን ነው። ማለት የምንችለው ይህን ነው፦ ሊያሸንፈው ይችል የነበረውን አንድ ጥያቄ፣ የሰላምንና የማኅበሩን ጥያቄ፣ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከተቃዋሚው እጅ አውጥቶ ሰጠው።

፬. ከድምፁ ማግስት

ምርጫው በተደረገ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 7፣ ሆር ፓሪስ ወርዶ ከላቫል ጋር ተቀመጠ። በሁለት ቀን ውስጥ ወረቀቱ አለቀ። ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለኢጣልያ ይሰጥ፤ በደቡብ ያለው ታላቅ አገር በስም የኢትዮጵያ ሆኖ የኢጣልያ የኢኮኖሚና የሰፈራ ቀጠና ይሁን፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መሬት ይሰጣት። ዲሴምበር 9 የለንደን ካቢኔ ተቀበለው። ሆርም የበረዶ ሸርተቴ ሊጫወት ወደ ስዊትዘርላንድ አለፈ፤ እዚያም ወድቆ አፍንጫውን ሰበረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወረቀቱ ለፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ወጣ። ይኸኔ ነፋሱ ዞረ። ለእንግሊዝ የምክር ቤት አባላት የቁጣ ደብዳቤ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ወር በፊት ለመንግሥቱ ድምፅ የሰጡ ናቸው። ዘ ታይምስ፣ ያ ለመንግሥት የቀረበ ጋዜጣ፣ የተሰጠንን የባሕር መውጫ «የግመሎች መተላለፊያ» ብሎ ተሣለቀበት። ቦልድዊን አፌ ታሽጓል አልናገርም ቢል፣ ሠዓሊው ዴቪድ ሎው ከንፈሩ የታሸገ ቦልድዊን ይሥል ጀመር። ዲሴምበር 18 ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ውሉም ሞተ።

ይህ ቦታ ክርክራችንን እንደገና ያቀጣጠለው ነው። ሁለተኛው ወገናችን «አያችሁ? ስሜቱ ሚኒስትር ጣለ!» አለ። እውነት ነው፤ በዐሥር ቀን ጣለው። ግን የአንደኛው ወገን መልስም ከባድ ነበር፦ «ሚኒስትሩን እንጂ መንግሥቱን አልጣለም፤ ስዊዝንም አልዘጋም።» በእርግጥም ፓርላማው በሰፊ ድምፅ ከቦልድዊን ጋር ቆመ። የነዳጅ ማዕቀብ አንድ ቀን እንኳ አልተጣለም። በዚያው ዲሴምበር ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ ወረደብን። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ሆነ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ጁን 3 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ስደተኛ ሆነው ለንደን ሲደርሱ ሕዝቡ በዋተርሉ ጣቢያ ተሰብስቦ በእልልታ ተቀበላቸው። በሳምንቱ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሌን ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ብሎ ተናገረ። በጁላይ ማዕቀቡ ተነሣ። ሆርም በዚያው ጁን የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ወደ ካቢኔው ተመልሷል።

ሆርና ላቫል ይህን ሁሉ ያደረጉት ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት ነው ይባላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ፈረሰ፣ ሙሶሊኒም በዓመቱ ከሂትለር ጋር ገጠመ።

መራጩ የት ላይ ተሸነፈ? ስሜቱ ውሸት አልነበረም። ስሜቱን በድምፅ የለወጠበት ቀን ግን አስቀድሞ ተቆርጦለታል። ድምፁ አንድ ጊዜ ኮሮጆ ከገባ በኋላ የቀረው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸት ደግሞ የአንድ ሚኒስትርን ሥልጣን ያስከፍላል እንጂ መርከብ አያስቆምም። በኖቬምበር 1935 የተመረጠው ፓርላማ በጦርነቱ ምክንያት ዕድሜው እየተራዘመ ዐሥር ዓመት ተቀመጠ።

፭. ነፋሱ ባለቤት የለውም

ዐሥሩ ዓመት አለፈ። ቸርችል በሜይ 1940 ሥልጣን ይዞ፣ አገሩን በክፉ ቀን አስተባብሮ፣ በሜይ 1945 ድልን አየ። በእኛም በኩል፣ በእሱ ዘመን የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮ ነበረ፤ የጎዳናው ስምም ከዚያ ወዳጅነት የመጣ ነው።

በሜይ 1945 የጋለፕ ድርጅት ሕዝቡን ሲጠይቅ ከመቶ 83ቱ የቸርችልን ሥራ እንደሚወድ ተናገረ። ወግ አጥባቂዎቹ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። የቀደመ ልምድም ነበራቸው፤ በ1900 በቦር ጦርነት መካከል፣ በ1918 ደግሞ ከዓለም ጦርነት ማግስት፣ በሥልጣን ላይ የነበረው መንግሥት የድሉን ስሜት ይዞ ሮጦ አሸንፏል። እንግሊዞች በወታደሩ ልብስ ስም «የካኪ ምርጫ» ይሉታል። ቸርችል ራሱ መጀመሪያ ፓርላማ የገባው በ1900ው የካኪ ምርጫ ነው። ታዲያ ለምን አይደገምም?

ጁላይ 5 ድምፅ ተሰጠ፤ የወታደሮቹ ድምፅ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ተጠብቆ ጁላይ 26 ተቆጠረ። ሌበር 393፣ ወግ አጥባቂዎቹ ከነአጋሮቻቸው 213። በ1935 ብዙ ሰው የማያውቀው አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ይህ ውለታ ቢስነት ነው? ብዙ ሰው እንዲያ ብሎታል፤ እኛም መጀመሪያ ብለነዋል። ነገሩን ስናየው ግን አይደለም። ሕዝቡ በየመንገዱ ለቸርችል አጨብጭቦ ድምፁን ለሌበር የሰጠው ሁለት ጥያቄዎችን ስለለየ ነው፦ «ጦርነቱን ማን ይምራ?» እና «ቤት፣ ሥራና ሕክምና ማን ይስጠን?» ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ በዲሴምበር 1942 የዊልያም ቤቨሪጅ ሪፖርት ወጥቶ ነበር፤ ስለ ማኅበራዊ ዋስትና የተጻፈ ደረቅ የመንግሥት ሰነድ ቢሆንም ሕዝቡ ተሰልፎ ገዛው። ከ1943 ጀምሮ የጋለፕ መጠይቆች ሌበር እንደሚመራ ያሳዩ ነበር፤ የሚያምናቸው ጠፋ እንጂ። ቸርችል ግን ጁን 4 ቀን በሬዲዮ፣ የሶሻሊስት መንግሥት ጌስታፖን የመሰለ ነገር ሳያቋቁም አይኖርም አለ። አድማጩ ደነገጠ። አምስት ዓመት አብረውት ካቢኔ የተቀመጡት አትሊና ቤቪን ናቸው እንዴ ጌስታፖ የሚሆኑት?

ሌላም ነገር አለ። በሥልጣን ላይ መቀመጥ ሁለት ስለት ነው። ቸርችል የድሉን ክብር ለብሶ ሲመጣ፣ ፓርቲው ደግሞ የሥራ አጥነቱን ዘመን፣ የሆርን ወረቀትና ከሂትለር ጋር ሙኒክ ላይ የተደረገውን ስምምነት ተሸክሞ አብሮት መጣ። የ1935ቱ መራጭ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥበት ቀን ከዐሥር ዓመት በኋላ ደረሰለት። አዲስ አበባ የወደቀችበት ዕዳ በዚያ ኮሮጆ ውስጥ ስንት ቁና ሆኖ እንደተሰፈረ መናገር አይቻልም፤ ግን በዚያ ሪፖርትና በዚያ ትዝታ የተሠራው ነፋስ የወግ አጥባቂዎቹን መንሽ አልታዘዘም።

እንግዲህ ከክርክሩ ምን ቀረን? በሥልጣን ላይ ያለ መንግሥት ቀን ይመርጣል፣ ቃል ይቀማል፣ የተስፋን ሳምንት ከፈተና ሳምንት ያስቀድማል። ይህ ጉልበቱ እውነተኛ ነው፤ ቦልድዊን አሳይቶናል። ስሜትን ግን አይፈጥረውም፣ ርስትም አያደርገውም፤ ቸርችል ይህን በራሱ ላይ አየው። ስለዚህ የማንም አገር ምርጫ ወሬ ሲመጣልን «ማን አሸነፈ?» ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር ብንጠይቅ ይጠቅመናል፦ ቀኑን ማን ቆረጠው? ከቀኑ በኋላስ ባለው ሳምንት ውስጥ ሊደረግ የተያዘው ምንድን ነው?

ለእኛ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። በኖቬምበር 1935 ኮሮጆ ፊት የቆመው እንግሊዛዊ ድምፅ ነበረው። መቀሌ ላይ የቆመው ገበሬ አልነበረውም፤ ዕዳው ግን እሱ ጋ ደረሰ። የሩቅ ሕዝብ ፍቅር መልካም ነገር ነው፤ ያን ደብዳቤ የጻፉትን ሁሉ እናመሰግናለን። የአገርን ዕድል በሰው አገር ነፋስ ላይ መጣል ግን ምን እንደሚያስከፍል አባቶቻችን ከፍለው አሳይተውናል።

አሁን ቸርችል ጎዳናን ስንወጣ ክርክሩን እንቀጥላለን። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ለሁለቱም ወገን ጊዜ ይበቃል።